እናቴን ስላረሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ

ለተከበሩ የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ድርጅት
የአዳዲስ እትሞች ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተስተካከለው ስህተት እንዲመለስልን ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለሚሠሩበት ኮምፒውተር የተሟላ ጤንነት ከልብ እመኛለሁ። የእኔው ኮምፒውተር ማራገቢያው ከታመመ ሰንብቷል፤ ሲከፈት እንደ አሮጌ አውቶቡስ ያጓራል፤ ያም ሆኖ ይህችን ደብዳቤ እስክጨርስ እንደሚታገሠኝ ተስፋ አለኝ። ደብዳቤዋን በግልጽ፣ ሁሉ በሚያነበው ቦታ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ለእርስዎ ብቻ ብዬ የላክኋቸው የት እንደገቡ እግዜር ይወቀው።

ማንነቴን ላስተዋውቅ። እኔ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ደጃፍ፣ ከፎቶኮፒ ቤቱ ጎን ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሴት ነኝ። ውሃ ለተቆረጠበት፣ ደመወዝ ለተያዘበት፣ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ለተካሰሰ ሁሉ «በትሕትና አመለክታለሁ» ስል ኖሬያለሁ። ስለ ራሴ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ ብዕሬ አንዳንድ ቦታ ከጨዋነት ቢያፈነግጥ የልምድ ማነስ እንጂ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም።

ድርጅትዎ «ኮድ የማያውቅም የራሱን ዓለም ይፍጠር» ብሎ ባወጀ ጊዜ ቃሉን አምነው ከተሰለፉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ በእርስዎ ሶፍትዌር የሚሠራው ጨዋታ ተጫዋቹ የአንድን ጀግና ሚና ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ፣ ካገኘው ሰው ጋር እየተነጋገረ ተልእኮውን የሚፈጽምበት ነው። ሌላው ሰው ዘንዶ ገዳይና አስማተኛ ፈጠረበት። እኔ የፈጠርኩት ጀግና ግን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሰይፍ የለውም፤ የእጅ ባትሪ፣ እርሳስና የጠበበ ኮፍያ አለው። ተልእኮው በድሮ ሰፈራችን ከበር በር እየዞረ «ቆጣሪ!» ብሎ መጣራት፣ ቁጥሩን አንብቦም መውጣት ነው። ዋና ባላንጣው ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ «ኮሎኔሉ» ይለው የነበረ አንድ ዓይና ውሻ ነው።

ጀግናው አባቴ ነው። ጉልበቱ እስኪደክም የሰው ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ውሎ ሳያድር ትናንትን ከዛሬ መለየት ተሳነው፤ እናቴ ስታርፍ ደግሞ ማረፏን ልቡ አልያዘው አለ። ስንነግረው ዜናው ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ያለቅሳል፤ አልቅሶ ይረሳል፤ ረስቶ ደግሞ «እናትሽ የታለች?» ይለኛል። አንድን ሰው ሚስቱን ስንት ጊዜ ማስቀበር ይቻላል? ከወንድሜ ጋር ተማክረን መንገሩን ተውነው።

ጨዋታውን የሠራሁለት ያኔ ነው። በመጨረሻው በር ላይ እናቴን አቆምኳት። የሁለቱ ትውውቅ የጀመረው በቆጣሪ ነበር፤ አባቴ የእናቴን ቤተሰቦች ግቢ ቆጣሪ አለቆቹ ከሚያዙት በላይ እየተመላለሰ ያነብ እንደነበር ሁለቱም ክደው አያውቁም። በጨዋታው ውስጥም ጀግናው ቀርቦ ሲያናግራት ያኔ ትለው የነበረውን ትለዋለች፦ «ቆጣሪው እንደሆነ የትም አይሄድ፤ ግባ እንጂ፣ በር ላይ አትቁም።»

አባቴ ከሰዓት በኋላ ኮፍያውን አድርጎ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። በየበሩ ሲደርስ ክፍሉ እስኪያስተጋባ «ቆጣሪ!» ይላል። እናቴ ዘንድ ሲደርስና ቃሏን ሲያነብ ኮፍያውን ያወልቃል። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አገኘኋት፤ ደህና ናት» ይለኝና መድኃኒቱን ይውጣል፣ የቀረበለትን ይበላል። ሳያገኛት ግን ማንም አያስውጠውም። ጥቂት ቆይቶ ማግኘቱን ይረሳና እንደገና ይሄዳል። እሷም ሲደርስ እንደ አዲስ ሰላም ትለዋለች፤ ምክንያቱም በአሮጌው እትም ሰዎቹ የተናገሩትን አያስታውሱም ነበር። እሱም ይረሳል፣ እሷም ትረሳለች። እንደዚያ ያለ የተስማማ ትዳር አላየሁም።

እንግዲህ ነገርን ነገር ያነሳዋልና ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። «አዲሱ እትም ደርሷል» የምትለዋ መስኮትዎ ኮምፒውተሩን በከፈትን ቁጥር ብቅ ትል ነበር። ሁለት ቁልፎች አሏት፤ አንዱ «አሁን»፣ ሌላው «በኋላ» ይላል። «አልፈልግም» የሚል የለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የምጠብቀው ከአበዳሪ እንጂ ከጨዋታ መሥሪያ አልነበረም። እኔ ሁልጊዜ «በኋላ» እላለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ባለጉዳይ በዝቶብኝ ስዘገይ አባቴ ብቻውን ከፈተው፤ መስኮትዎም ብቅ አለች። አባቴን አያውቁትም። ሰዎች ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው «የለም በሉት» ሲሉ እየሰማ በየበሩ የቆመ ሰው ነው፤ ስለዚህ በእሱ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ማንም መልስ ሳያገኝ አይሄድም። ስገባ በኩራት እንዲህ አለኝ፦ «አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ አገኘሁት። አላሳፈርኩትም፤ ‹አሁን› አልኩት።»

ምን ልበለው? «ደግ አደረግክ» አልኩት።

ሁለተኛ፦ ስለ ውበቱ። አዲሱ እትም በእውነት ያምራል፤ ክፉ አልናገርም። ድሮ በአራት አቅጣጫ ብቻ ይራመድ የነበረው ጀግና አሁን በስምንት ይራመዳል፤ አባቴም ወደ በር መሄድ ሲፈልግ በሰያፍ እየሄደ አጥር ይገጫል። ዛፉ ጥላ አለው። ቧንቧው ላይ ያለው ጠብታ ያበራል፤ የቆጣሪው ቁጥር ግን ከሩቅ እንዲያምር ተብሎ ስለደበዘዘ አይነበብም፤ ለቆጣሪ አንባቢ ጨዋታ ይህ ቀላል ነገር ነው። ኮሎኔሉም ጠፍቶ የነበረው ዓይኑ ተመልሶለታል። አንድ ጊዜ ጮሆ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ አባቴን እንደ ወዳጅ እያየ ጭራውን ይቆላል። የዚያ ውሻ ባሕርይ መታረሙ ብቻውን ለሽልማት ያበቃዎታል።

ሦስተኛውን አሁን መጻፍ አልቻልኩም፤ እጄ እንቢ አለኝ። ባለጉዳዮቼን «ዋናውን አቤቱታ ከላይ አስቀምጡ» የምለው እኔ ነበርኩ፤ ይፍረዱብኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛ፦ በሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለመከፈቱ። አዲሱ እትም የአሮጌውን ሥራ ተቀብሎ ይከፍታል፤ አንድ ጊዜ የከፈተውን ግን አሮጌው መልሶ ማየት አይችልም። ደግነቱ የጨዋታውን ቅጂ ፍላሽ ላይ አስቀምጬ ነበር፤ ስለዚህ አዲሱን አጥፍቼ አሮጌውን መልሼ ጫንኩ። አሮጌው ግን ከመከፈቱ በፊት በኢንተርኔት ከእርስዎ ማሽን ፈቃድ ይጠይቃል ለካ። ጠየቀ። ማሽንዎ «ይህ እትም በክብር ተሰናብቷል» አለው። ቤታችን ውስጥ ሁለት ጡረተኞች ሆኑ ማለት ነው፤ ልዩነቱ አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላም በራሱ ቤት በር መክፈት አልተከለከለም። ወንድሜ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ነገሩን ሳስረዳው መፍቻውን አስቀምጦ ብዙ አሰበና «እኔ የሠራሁት ፍሪጅ ለባለቤቱ ‹ፋብሪካው ካልፈቀደልኝ አልከፈትም› ቢለው፣ ሰውዬው ፍሪጁን አይደለም፣ እኔን ነበር የሚሰብረኝ» አለኝ። እሱ ያልተማረ ሰው አይደለም፤ ግን ስለ ሶፍትዌር እትም ብዙም አይገባውም።

አምስተኛ፦ ስለ መስተንግዶ። ችግሬን ለድርጅትዎ ረዳት ማሽን ጻፍኩ። «እናቴ ዝም አለች» አልኩ። «የድምፅ ማጉያዎ በትክክል መሰካቱን ያረጋግጡ» አለኝ። አረጋገጥኩ፤ ተሰክቷል። እንደገና ጻፍኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ከስንት ልመና በኋላ ከሰው እጅ የወጣ የሚመስል መልስ ደረሰኝ፤ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «የገለጹልን ነገር በአሮጌው እትም የነበረ ስህተት ነው። ገጸ ባሕርያት አንዴ የተናገሩትን ደግመው ይናገሩ ነበር። በአዲሱ እትም ተስተካክሏል። እንኳን ደስ አለዎት!» ከሥሩ «መልሳችን ረድቶዎታል?» የሚል ጥያቄና ሁለት ፊቶች ነበሩ፤ አንዱ የሚስቅ፣ ሌላው የሚያለቅስ። የሚያለቅሰውን ተጫንኩ፤ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብሎ እሱም ጠፋ።

እነሆ አሁን ሦስተኛው፦

አዲሱ እትም በገባ ማግስት አባቴ እንደ ልማዱ ሰፈሩን ዞረ። እናቴ ዘንድ ደረሰ። ግባ፣ በር ላይ አትቁም አለችው። ኮፍያውን አወለቀ፤ እኔም እፎይ ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ጥቂት ቆይቶ ማግኘቱን ረሳ፤ እንደገና ሄደ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። በአዲሱ እትም ሰዎች አንገታቸውን እያዞሩ ተጫዋቹን በዓይናቸው ይከተላሉ፤ ማስታወቂያዎ ላይ «ሕይወት ያላቸው» ያላችሁት ይህንን ነው። ዞር ብላ አየችው። «ቆጣሪ!» አላት። አየችው፤ ዝም አለች። ወደ ቀኝ ሄዶ ሞከረ፤ በዓይኗ ተከተለችው፤ ዝም አለች። ከመንገዱ ማዶ ተመልሶ እንደ አዲስ መጣ። ቃል አልወጣትም። አንዴ ተናግራለችና አትደግምም፤ ስህተቷ ታርሟል።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሷ እንዳትሰማ ይመስል፣ «ልጄ፣ ምን አድርጌያት ነው ያኮረፈችኝ?» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እናቴ ግን በሕይወት ሳለች ለዚያ ወርቅ አልታደለችም። ስትቆጣ ሰፈር ይሰማ ነበር፤ ድስቱ ይንኳኳል፣ በሩ ጓ ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ያልፍና «ና ብላ» ትለዋለች። አባቴ ጩኸቷን ያውቀዋል። ዝምታዋን ግን ከእርስዎ ክፍል ሲላክለት ነው ያወቀው። ስለዚህ ከባድ ጥፋት እንዳጠፋ ገባው። ምን እንደሆነ ለማስታወስ ይታገላል፤ ግንባሩን በእጁ ይዞ ይቀመጣል፤ የማያስታውስ ሰው የሌለውን ነገር ለማስታወስ ሲታገል ማየት አንጀት ይበላል። መድኃኒቱን ስሰጠው «እሷ ሳታናግረኝ ምን ይዋጥልኛል» ብሎ አፉን ይዘጋል። የእሷን ሞት ይረሳል፤ የሚያስቀይም ነገር ማድረጉን ግን አይረሳም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሐኪሙም አላስረዳኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፤ አዲሱን እትም መልሼ ጭኜ መላ ፈለግኩ። በአዲሱ እትም በዓለሙ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ «ሰው» ወይም «ዕቃ» ተብሎ ይመዘገባል። ሰው አንዴ የተናገረውን ያስታውሳል፤ ጨዋታው ከመጀመሪያው ቢጀመርም አይደግመውም። ዕቃ፣ ለምሳሌ የበር ላይ ማስታወቂያ፣ በቀረቡት ቁጥር ያንኑ ይደግማል። ገባዎት መሰለኝ። እናቴን ከ«ሰው» አውጥቼ «ዕቃ» አደረግኳት። ይህን ስጫን የተሰማኝን አልነግርዎትም፤ ለጠላቴም አልመኘውም። ዕቃ ግን ፊት የለውም። አባቴ በሩ ላይ ሲደርስ ቃሏ ይወጣል፤ እሷ የለችም። ደስ ብሎት ወደ ፊት ጠጋ አለ፤ ፈለጋት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈ። «ውስጥ ሆና ነው የምታናግረኝ» አለኝ፤ «ፊቷን ልታሳየኝ አልፈለገችም።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ወደ «ሰው» መለስኳት፤ ቢያንስ ትየው ብዬ።

ድርጅትዎ «የትኛው እትም ይስማማዎታል?» የሚል የማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ አውጥቷል። በአዲሱ በኩል አረንጓዴ ምልክት ተደርድሯል፤ በአሮጌው በኩል ቀይ ኤክስ። ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ጥላው፣ ስለ ስምንቱ አቅጣጫ፣ ስለ ውሃው ነጸብራቅ ይናገራል። አሮጌው እትም አባቴን ያበላል፤ አይከፈትም። አዲሱ ይከፈታል፤ አባቴን ጾም ያሳድራል። እንዲህ ያለው ምርጫ በሰንጠረዡ ውስጥ አልተካተተምና አዘጋጆቹ ለቀጣዩ ያስቡበት።

ወንድሜ «እውነቱን ንገሪውና ይውጣለት» ይለኛል። እውነቱ ሁለት ነው፤ ወይ ሞታለች፣ ወይ አኩርፋለች። ሞታለች ብዬ ብነግረው ዛሬ ያለቅሳል፣ ነገም ያለቅሳል። አኩርፋለች ብሎ እንዲያምን ብተወው ግን ቢያንስ መታረቅ አለ ብሎ ያስባል። በእኔ ቤት እንግዲህ ተስፋ ማለት ይህ ነው፤ እናቴ በአባቴ ላይ ቂም መያዟ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይህን ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም። በየቀኑ ከጠረጴዛዬ ተነሥቼ ቤት ስደርስ በሩን ከመክፈቴ በፊት ውጭ እቆማለሁ። ደክሞኛል። መውጫ አጥቻለሁ። ይህንን ያለ ምንም ትሕትና ነው የምጽፈው።

ልመናዬ ትንሽ ናት። አዲሱን እትም አይሰርዙ፤ ለሚወዱት ያምርላቸው፤ ጥላቸው ይርዘም። ከእርስዎ የምፈልገው ያ ማሽንዎ አሮጌው እትም ፈቃድ ሲጠይቀው «አዎ» እንዲለው ብቻ ነው። አንድ ቃል ናት፤ ለማሽን ትንፋሽ አታስጨርስም። ያ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ስህተታችሁን መልሱልኝ። ለእናንተ ስህተት ነበር፤ ለእኛ እናታችን ነበረች።

የጊዜዎን ውድነት፣ የሥራዎን ብዛትና የሚጠብቅዎትን ቀጣይ እትም ከግምት በማስገባት፣ ከእርስዎ በታች ያሉ ሠራተኞች ሁሉ በሰያፍም በቀጥታም ተራምደው ለእርስዎ እንዲታዘዙ፣ የሚወዱትም ሰው ሰላምታውን አንዴ ብቻ ሳይሆን እስኪሰለችዎ ድረስ እንዲደግምልዎ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ አዲስ ነገር ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎ ታዛዥና ታማኝ ደንበኛ፣
የቆጣሪ አንባቢው ልጅ፣ ማመልከቻ ጸሐፊዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳበቃ አባቴ ወንበሩን ስቦ፣ ልክ እንደ ባለጉዳዮቼ፣ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ማዶ ተቀመጠ። «ማመልከቻ ትጽፊ የለ? ለእናትሽ ጻፊልኝ» አለ። እየነገረኝ ጻፍኩ፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም፦

«ጥፋቴ ምን እንደሆነ አላውቅም። ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ ነው። ቆጣሪ ላነብ አልመጣሁም፤ እሱ ድሮም ሰበብ ነበር። ግባ ባትይኝም ግድ የለም። በር ላይ አትቁም ብቻ በይኝ።»

እኔ የማደርስበት አድራሻ የለኝም። ዝም ያሰኛት የእርስዎ ክፍል ስለሆነ፣ «ለሚመለከተው» ብዬ ለእርስዎ ልኬዋለሁ። አባቴ መልሱ መጣ ወይ እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም እናንተ እንዳስተማራችሁኝ «በኋላ» እለዋለሁ።